እንዳይሰማ፣ እንዲሰማ

ሙያዬ መገልበጥ ነው፤ የሰው ኖታ መገልበጥ፣
ከረቂቁ ወስዶ፣ በንጹሕ ወረቀት፣ በቀለም ማስቀመጥ፤
ለቫዮሊን የቫዮሊኑን፣ ለዋሽንት የዋሽንቱን፣
ለየሰዉ ቆርሶ ማደል የድርሻ ድርሻውን።
የአንሴልም ቴሲዬን ጽሕፈት ሃያ ሁለት ዓመት ገለበጥሁ፤
እሱ ራሱ በማግስቱ የማይለየውን እኔ አነበብሁ።

ሞንትሮይ፣ አምስተኛ ፎቅ፤ ከሥር አናጢ ነበረ፤
መጋዙ ሲጮኽ ፒያኖው ዝም፤ መጋዙ ሲያርፍ ጀመረ።

ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ኳርቴት ጻፈ፤
ጻፈና ሠረዘ፣ ሠረዘና ጻፈ።
በሰባተኛው ዓመት፣ ሩዋን፣ በየካቲት፣
ማሞቂያው በተበላሸ አዳራሽ፣ አራት ልጆች ካፖርት ለብሰው ተጫወቱት።
ሠላሳ አንድ ሰው መጣ፤ ከኋላ ቆሜ ቆጥሬያለሁ፤
ሁለቱ ዝናብ ሸሽተው ነው፣ ጃንጥላ ሲያራግፉ አይቻለሁ።
ጋዜጣው በማግስቱ የጻፈው ስለ ብርዱ ነበር።

ሲኒማ ግን ይከፍላል።
ከሰል ይገዛል፤ የኔን የሁለት ዓመት ውዝፍ ይዘጋል።
ከቢያንኩር ስቱዲዮ ደወሉ፣ ማክሰኞ ማታ፤
«ፊልሙ አልቋል፤ ሙዚቃ ቀረው፤ አሥራ አንድ ቀን አለህ፣ አታመንታ።»

«እዚህ ላይ» አለ ዳይሬክተሩ ፔልራን፣ ሲጋራውን በጥርሱ አንቆ፣
«ጀልባዋ የውሃ በሩ ውስጥ ቆማለች፤ ውሃው ይሞላል፣ ከሥር ዘልቆ፤
ባል ሰክሮ ተኝቷል፤ ሚስት ገመዱን ይዛለች። የምትሄድበትን አታውቅም።
አንድ ደቂቃ ከአርባ። ከዚያ አያልፍም።»

ቴሲዬ ፉግ ጻፈ። አራት ድምፅ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ሲወጣ፣
ልክ እንደ ውሃው፣ ከታች ወደ ላይ፣ ድንጋዩን እየላሰ ሲመጣ።
ሌሊቱን ገለበጥሁት። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ከብርዱ ብቻ አልነበረም፤
ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ገጽ በእጄ አላለፈም።

ፔልራን ሰማው። እንደገና ሰማው። ዓይኑን አሸ፤
«ያምራል» አለ፤ «ችግሩ ማማሩ ነው፤ ሥዕሌን አሸሸ።
ሰው ፉግህን ሲሰማ ሴትዮዋን ማየት ይተዋል፤
እንዳይሰማ ጻፈው፤ ያኔ ይሰማዋል።»

ቴሲዬ አልተቆጣም። ካፖርቱን ቀስ ብሎ ቆለፈ፤
ሜትሮው ውስጥ ከንፈሩን እየነከሰ ስንት ጣቢያ አለፈ።
ናሲዮንን ስናልፍ ብቻ፣ «ሩዋን ላይ እኮ፣ ኦዲል» አለኝ፣ «ያ ሁሉ ሰው
ሊሰማ መጥቶ፣ ምንም አልተሰማው።»

ያን ሌሊት የጻፈው በላጲስ ነው። ሦስቱን ድምፅ አነሣ፤
አንድ ቪዮላ ቀረ፣ ዘጠኝ ኖታ፣ ሊናገር ብሎ እንደረሳ።
ዘጠኙን ዐወቅኋቸው፤
ከኳርቴቱ፣ ከሦስተኛው ክፍል ነበር ያመጣቸው።
በሰዓቱ ለካው፤ አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ስምንት።
«ሁለቷ ሰከንድ?» አልሁ። «የገመዱ ናት፤ ሲወጠር ይጮኻል፣ ተይለት።»

ቀረጻው ጨለማ ውስጥ ነበር፤ ሴትዮዋ ሸራው ላይ ገመዷን ይዛ፣
ውሃው ከሥሯ ሲሞላ፣ ፊቷ በጠዋቱ ብርድ ፈዛ።
ሸበቶው የቪዮላ ሰው አንድ ዓይኑን ለሷ፣ አንዱን ለጽሑፌ ሰጠ፤
ሲጨርስ የተነፈሰ የለም። ፔልራን ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አስቀመጠ።
ስለ ሙዚቃው ምንም አላለም። «ይህቺ ሴት» አለ፣ «እንዲህ ማዘኗን
ስቀርጻት አላየሁም፤ ዛሬ ገና አየሁት ዓይኗን።»

ፊልሙ ስድስት ሳምንት ታይቶ ከመጋረጃው ዐረፈ፤
ፖስተሩ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ተለጠፈ።

ቴሲዬ በኅዳር ሞተ። ቀብሩ ላይ ዘጠኝ ሆንን፤
አናጢው፣ እኅቱ ከአንዤ፣ ከሌሎቹ ጋር በዓይን ብቻ ተዋወቅን።
ቄሱ ቸኮለ። ዝናብ ነበር።
ከሁለቱ ቆፋሪዎች ወጣቱ፣ ማን እንደሞተ ያልጠየቀው፣ አካፋው እስኪሞላ
በከንፈሩ አፏጨ። ዘጠኝ ኖታ። አፈሩ ወደቀ፤ ሁለት ሰከንድ ከኋላ።

«ከየት ሰማኸው?» አልሁት።
ቀና አለ፤ በክንዱ ጠረገ ከግንባሩ ዝናቡን፤
«ምኑን?»